ከባሕር ማዶ የመጣች ፀሐይ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት ማለዳ ማለዳ የሚወርዱት ሴቶች ፊታቸው አይታይም። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ ጠፍረው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ ነው የሚወርዱት። ሸክሙ 30 እና 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። መድረሻው የካ ነው፣ ኮተቤ ነው፣ ቀበና ነው፤ ባጭሩ ምጣድ የሚጣድበት ቤት ሁሉ ነው።

በዚያው ተራራ አናት፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ጉልላቶች ይታያሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መቆጣጠሪያም እዚያው ነበር። ሳተላይቷ ማገዶ አታውቅም፤ ምግቧ ከክንፎቿ የምትቀበለው የፀሐይ ብርሃን ብቻ ነው። ከታች ያለችው ሴት የተሸከመችውም ቢሆን ቅጠል ያጠመደው፣ ግንድ ያከማቸው ፀሐይ ነው። በአንድ ተራራ ላይ ሁለት የፀሐይ ንግዶች አሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የተራራው ዛፍ ጽድና ወይራ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው ከታች ሜዳው ላይ የቆረቆሯት አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሠራዊትና ቤተ መንግሥት ያለበት ከተማ እንጨት ይበላል፦ ለግብር እንጀራ፣ ለጠጅ ቤት፣ ለአጥር፣ ለቤት ማገር። ብዙ ሳይቆይ በዙሪያው ያለው እንጨት ተሟጠጠና ማገዶ ከሩቅ በአህያና በሰው ጀርባ ይጫን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1900 ምኒልክ መናገሻውን ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደ ተባለው ቦታ ለማዛወር እስከ መጀመር ደርሰው ነበር።

ከተማዋን ከመሰደድ ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ዘሩን ያስገባው የንጉሡ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ዛፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ሞተ ሲሉት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኙን አከፋፈሉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ እስከ ማድረግም ሄዱ። እንጦጦና የካ ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞላ አረንጓዴ ሆኑ። ስሙ ምንጩን አልደበቀም፦ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ። መሬት አድራቂ ነው እየተባለ ዛሬም ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ነገር ግን ያኔ ያ ዛፍ ባይኖር ዛሬ የካ የሚባል ክፍለ ከተማ ስለመኖሩ መወራረድ ያስቸግራል።

ምኒልክ ባረፉበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1913፣ ከሞታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ከካይሮ አጠገብ መዓዲ በተባለ ስፍራ ሌላ ዓይነት የፀሐይ ማሽን ተመረቀ። ባለቤቱ ፍራንክ ሹማን የሚባል የፊላደልፊያ ፈጣሪ ነው። እንደ ገንዳ የጎበጡ፣ እያንዳንዳቸው 62 ሜትር የሚረዝሙ አምስት የመስተዋት ረድፎች አቆመ። መስተዋቶቹ ብርሃኑን መሐል ለመሐል በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ሰብስበው ውኃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣሉ፤ እንፋሎቱ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፑ ከናይል በደቂቃ 6,000 ጋሎን ውኃ ወደ ጥጥ እርሻ ይገፋል። ያኔ በጎርፉ ወራት ካይሮን ከሚያልፈው ውኃ አብዛኛው የዓባይ ነበርና፣ በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የፀሐይ ሞተር የጎጃምን ውኃ ይቀዳ ነበር ማለት ነው። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ መሐንዲሶቹ ተበተኑ፤ ነዳጅ ዘይትም እየረከሰ መጣ። ሹማን እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሞት ሐሳቡም አብሮት የተቀበረ መሰለ።

ፀሐይን ያለ እሳትና ያለ እንፋሎት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዘዴ የመጣው ከሌላ በር ነው። የአሜሪካው የቤል ላብራቶሪ ሦስት ሰዎች፣ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሊከን ከተባለው የአሸዋ ልጅ ስስ ሴል ሠርተው አሳዩ። ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ተአምር ነው ተባለ፤ ዋጋው ግን ገዢ አላስጠጋም። የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛ ምድር ላይ አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958 ወደ ሕዋ የመጠቀችው ቫንጋርድ 1 የተባለች ትንሽ ሳተላይት ናት። ሴሎቿን የሠራው ሆፍማን ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ በዚህ ንግድ ቀዳሚ ከሆኑት አምራቾች አንዱ። ጃፓን ውስጥ ሻርፕ ተከተለና ለመብራት ማማዎች መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ንግዱን ወደ ምድር ያወረደው፣ ይህ ነው እንግዲህ የሚያስገርመው፣ የነዳጅ ኩባንያው ኤክሰን ነው፤ ያቋቋመው ንዑስ ድርጅት ለባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ማስጠንቀቂያ መብራት የሚሆኑ ፓነሎችን ሸጠ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1977 የአንድ ዋት ዋጋ 76 ዶላር ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ፀሐይን የምትሸጠው በፖስተር ነበር። የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ፈጠሩ፤ እንደ ጳጉሜን ያለ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቆጥር ብዙ ስለሌለ ብልህ ፈጠራ ነበር። መፈክሩ በአውሮፕላን ትኬትና በግድግዳ ሥዕል ዓለምን ዞረ። ፀሐይቱን በዋት ለክቶ ለገበሬ ቤት የሚያደርስ ግን ገና አልተፈጠረም ነበር።

በዋት የተለካችው ፀሐይ ገጠር የገባችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የፓነል ጣቢያ ተተክሎ፣ መስመር ተዘርግቶ 300 ያህል አባወራዎች መብራት አገኙ። ሲካፈል ለአንድ ቤት 35 ዋት ነው፤ አንድ የድሮ አምፖል እንኳ በቅጡ አያበራም። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ጨመረ። ዘመኑ የድርቅና የጦርነት ዘመን መሆኑን ላሰበ፣ በዚያ ቀን በአንዲት መንደር በፀሐይ ወፍጮ መዞሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትልቁ የሶላር ደንበኛ ገበሬው ሳይሆን ቴሌ ነበር። በየተራራው አናት የቆመ የስልክ ማማ ናፍጣ በአህያ ከሚጫንለት ፓነል ቢተከልለት ይረክስ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ገደማ በአገሪቱ ከተተከለው 5 ሜጋ ዋት የሚያህል ሶላር 70 በመቶ ያህሉ የቴሌኮም ነበር። ብዙ ገጠሬ ፓነል ያየው መጀመሪያ በማማ ላይ ነው፤ ታጥሮ፣ ዘብ ቆሞለት፣ «እንዳትነኩ» ተብሎ።

ይህን የለወጠ አንድ ሰፊ ሙከራ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ ላይ ተደረገ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን በሬማና በጎረቤቷ ድሬ ከ2,000 በላይ ቤቶች ላይ 10 ዋት የሚያህሉ ትንንሽ ፓነሎችን ከኤል ኢ ዲ መብራት ጋር ተከለ። ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግነው ካልተገኘ ከንቱ እንደሚሆን ገብቶት ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም እዚያው ከፈተ። የገጠር ሰው ኩራዝን የሚያውቀው በጭሱ ነው፤ የልጅ አፍንጫ ያጠቁራል፣ ጣሪያ ያጠቁራል፣ ላምባው ካለቀ ጨለማ ነው። የሬማ ቤቶች ከእሱ ተገላገሉ።

ቀጥሎ የሆነው የተወሰነው ሸዋ ውስጥ አይደለም። ጀርመን የፀሐይ ኤሌክትሪክን በጥሩ ዋጋ የሚያስገዛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣች። ሕጉ ገበያ ፈጠረ፤ ገበያው ፋብሪካ ጠራ። በጀርመን ኪው ሴልስ፣ በቻይናዋ ዉሺ ከተማ ሰንቴክ እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ ሁለቱም በየተራቸው ከዓለም ትልልቅ ሴል አምራቾች ተርታ ተሰለፉ። ፋብሪካው ከገዢው ሲበዛ ዋጋው ወደቀ። አሜሪካዊው ሶሊንድራ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኪው ሴልስ በ2012፣ ሰንቴክ በ2013 ከሰሩ። መስተዋት ተካዮቹም ዕድላቸው የተሻለ አልነበረም፦ የሹማንን ገንዳ በካሊፎርኒያ በረሃ ትንሣኤ ሰጥቶ 354 ሜጋ ዋት የተከለው ሉዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሷል፤ በሴቪያ አጠገብ ማማ ያቆመው የስፔኑ አቤንጎዋ በ2015 ዕዳ አንቆት አበዳሪዎቹ ደጅ ቆመ። በዚህ ንግድ ታሪክ ፈር ቀዳጆቹ ቀድመው ይቀበራሉ። ዛሬ በእያንዳንዱ የምርት ደረጃ ከዓለም አቅም ከ80 በመቶ በላይ በቻይና እጅ ነው።

የባለፋብሪካዎቹ ኪሳራ ግን ለመርካቶ ገዢ ሲሳይ ሆነ። ዲ ላይት እና ሳን ኪንግ የሚል ስም የለጠፉ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ማታ የሚያበሩ፣ ሞባይልም የሚሞሉ ፋኖሶች በየገበያው ተዘረጉ። መንግሥት ለሶላር ዕቃ የቀረጥ እፎይታ ሰጠ፤ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለአስመጪዎች ብድር ከፈተ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ከአገሪቱ ቤቶች 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል፣ በአመዛኙ በሶላር፣ ለማዳረስ አቀደ።

ታዲያ የእንጦጦዋ ሴት ለምን ሸክሟን አላወረደችም?

መልሱ ምጣዱ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። የሬማው ዓይነት ፓነል 10 ዋት ነው፤ አንድ ምጣድ ለማጋል 350 ቤቶች ፓነላቸውን ነቅለው ቢያዋጡ ነው፣ ያውም በቀትር። የሚቶ የመጀመሪያው ጣቢያ፣ 300 አባወራ ያበራው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ የሚችለው ሦስት ምጣድ ነበር። እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ የምጣዱ ገጽ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት፤ አክምባሎው ሲከደን እንፋሎቱ መታፈን አለበት፤ አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪጋገር ሙቀቱ መውረድ የለበትም። ባትሪ ይህን ከቻለ የባትሪው ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ፓነሉ ያሸነፈው ኩራዝን ነው፤ ጉልቻውን አልነካውም። የሶላርን ስኬት በመብራት ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን ይዘለዋል፤ መዝለሉም የዋህነት ብቻ አይመስልም፤ መብራት ፎቶ ያምርበታል።

መስመር በገባበት ከተማ እንኳ ማገዶው አልጠፋም። ኮተቤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለበት ሰፈር ነው፤ ወፍራም ሽቦ ከራስ በላይ ያልፋል። ከሽቦው ሥር ቅጠል የተሸከመች ሴት ታልፋለች። ኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ቆጣሪውም የጋራ ሲሆን ምጣድ የጣደ ተከራይ ከአከራዩ ጋር ይጣላል። ጭራሮ ግን በየዕለቱ፣ በኪስ ልክ ይገዛል።

ለምጣድ የሚቀርበው ሶላር ፓነሉ ሳይሆን የሹማን መስተዋት ነው፤ ሙቀቱን በቀጥታ ይሰጣልና። ይህን የአገር ተመራማሪዎች ቀድመው አውቀውታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ውጭ በቆመ ጎባጣ መስተዋት ዘይት አሙቀው፣ ዘይቱን በቧንቧ ወደ ቤት አስገብተው ምጣድ የሚያግል መሣሪያ ላይ ሠርተዋል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲም ከኖርዌዩ የትሮንድሃይም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ቀን የተሰበሰበ ሙቀትን ለማታ የሚያቆይ ምድጃ ሞክሯል። እንጀራው ተጋግሯል፤ ዓይንም አውጥቷል። ያልተገኘው መሣሪያውን በብዛት ሠርቶ፣ ዋጋውን አውርዶ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ኩባንያ ነው። በሞሮኮ ዋርዛዛት በረሃ ላይ ከ500 ሜጋ ዋት በላይ መስተዋት ቆሟል፤ እኛ ዘንድ አንድ ምጣድ የሚያግል መስተዋት ከቤተ ሙከራ ደጅ አልወጣም።

አገር ውስጥ የማምረት ሐሳቡ ግን አልጠፋም ነበር። በ2005 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ስካይ ኢነርጂ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በዓመት 20 ሜጋ ዋት የሚደርስ ፓነል የሚያመርት መስመር አቋቋመ። ዜናው የመጀመሪያው የሶላር ፋብሪካ ብሎ ተቀበለው። ቃሉ ትንሽ ይፈታ። ፓነል ለመሆን አሸዋ ብዙ በር ያልፋል፦ መጀመሪያ ይነጥራል፣ ከዚያ ቀልጦ እንደ ግንድ ይረጋል፣ ግንዱ እንደ ቋንጣ በስሱ ይዘለዘላል፣ ዝልዝሉ በኬሚካል ታክሞ ሴል ይሆናል፣ ሴሎቹም ተያይዘው በመስተዋትና በአሉሚኒየም ይታቀፋሉ። እዚህ የተሠራው የመጨረሻው በር ብቻ ነው፤ ሴሉ ተገዝቶ የመጣ ነው። መገጣጠሚያ ማለት ይበቃ ነበር። ሜቴክ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሷል።

ትልልቆቹ ጣቢያዎችም እንዲሁ በወረቀት አማሩ። በ2012 ዓ.ም. መባቻ የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጋድና ዲቼቶ በተባሉ ስፍራዎች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ጣቢያዎችን ለመትከል ጨረታ አሸነፈ፤ ለኪሎ ዋት ሰዓት ያቀረበው ዋጋ 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ያኔ በአፍሪካ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ። ጣቢያዎቹ በተባለው ጊዜ አልቆሙም።

እንጦጦ ላይ ግን አንድ ነገር ቆሞ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ጥቂት አድናቂዎች የመሠረቱት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ «እንጀራ ሳይጠገብ ሰማይ?» የሚለውን ፌዝ ችሎ ኦብዘርቫቶሪውን ገነባ። ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖችም ተተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናዋ ታይዩዋን ያችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1፣ ስትመጥቅ ሰዎች ገና ሳይነጋ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው አይተዋል። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው ሳተላይት ሥራዋ ሰብልን፣ ደንንና አየርን መመልከት ነበር። ቫንጋርድ ከመጠቀች ከ61 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያም የሰማይ ዓይን በፀሐይ ሴል በላ። በክብደት ከታች የሚወርዱት ሁለት ሴቶች ሸክም ያህል ናት።

የታሪኩ አዲሱ ምዕራፍ የተከፈተው ሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የተገነባው ለልብስ ስፌት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስትዘጋ አንዳንድ ትልልቅ ገዢዎች ሄዱ። ቶዮ የተባለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶኪዮ የሆነና በቬትናም ፋብሪካ ያለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ወደ ሐዋሳ መጣ። ያመጣው የአገራችን ፀሐይ አይደለም። አሜሪካ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያ፣ ከማሌዥያና ከታይላንድ በሚገቡ የሶላር ዕቃዎች ላይ ከባድ ቀረጥ እያወጣች ስለነበር ሌላ አድራሻ ይፈለግ ነበር። ሐዋሳ ደግሞ የተሠራ አዳራሽ፣ በአመዛኙ ከውኃ የሚመነጭ ርካሽ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ እጅ ነበራት። ምርት በ2025 ተጀመረ፤ በዓመት 2 ጊጋ ዋት የነበረው ዕቅድ ወደ 4 አደገ። ይህ የሜቴክን መስመር 200 ጊዜ ያጥፋል። በአንድ ዓመት የሚወጣው ሴል ሁሉ ተዘርግቶ በጠራ ቀትር ቢለካ ከ5,150 ሜጋ ዋቱ የሕዳሴ ግድብ ብዙም አይርቅም፤ ማታ ላይ ግን ዜሮ መሆኑ ሳይረሳ።

በዚህ ጊዜ የሚሠራው ሴል ነው፤ ከመጨረሻው በር በፊት ያለው፣ ኬሚካልና ንጽሕና የሚጠይቀው በር። ስለዚህ ሐዋሳ ፋብሪካ ተብሎ ሊጠራ ይገባዋል። ስስ ዝልዝሉ ከውጭ ይገባል፣ ሐዋሳ ላይ ሴል ይሆናል፣ ከዚያ በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ በመርከብ ይሄዳል። ቀረጥ ያመጣውን ኩባንያ ቀረጥ ሊወስደው ይችላል፤ የልብስ ስፌቱ ዕጣ ለዚህ ምስክር ነው። እስካለ ድረስ ግን ሲሊከን የነካ፣ መስመር የመራ፣ ብልሽት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይተርፋል፤ የሬማው ትምህርት ቤት በትንሹ የጀመረው ይኸው ነበር።

ወደ እንጦጦ ማለዳ የሚወጣ አንባቢ ኦብዘርቫቶሪው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሴቶቹን ጠባቡ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ቁልቁል ሲወርዱ ማቆም አይችሉም፤ ሸክሙም ቀና ብሎ ለማየት አይመችም። መንገድ መልቀቅ የሚችለው ሽቅብ የሚወጣው ነውና ጠጋ ይበልላቸው።